ሞላላው ቀዳዳ

ከባድ ነገር ብቻ የሚጥመው አንድ ፊታውራሪ ነበር፤ ደምመላሽ ይባላል። ካባው ከባድ፣ ዱላው ከባድ፣ ቃሉማ ከሁሉም የከበደ። ለአገሩ ዘብ ተኳሾችን ሲመርጥም ከባድ ጥይት አሠርቶ ለሁሉም አደለና «ጠመንጃ ያለው ይምጣ፤ ዒላማ የሳተ ጠመንጃውን ያስረክባል» ብሎ አስነገረ።

ትጓደድ የምትባል ሴትም መጣች፤ ወዳ ግን አይደለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሽላዋን ከከርከሮ የምታድነው በአሮጌ ጠመንጃው ነው። እሱን ከተነጠቀች ማሽላው የከርከሮ፣ ክረምቱ የረሃብ መሆኑን ታውቃለች።

የፊታውራሪው አሽከሮች በአዲስ ጠመንጃ እየተኮሱ ዒላማውን፣ የተወጠረውን የበሬ ቆዳ፣ መሀል መሀሉን በሱት። ተራው የትጓደድ ሆነ። የተሰጣትን ጥይት አጎረሰች፤ አልማ ቃታውን ሳበች። ጥይቱ የቆዳውን ጠርዝ ቀደደው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«እጅሽ ተንቀጠቀጠ! በይ ጠመንጃውን አምጪና እንዝርትሽን አንሺ» አላት ፊታውራሪው።

ትጓደድ ወደ ቆዳው ሄዳ ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰች። ሞላላ ነው። ስትመለስ ከንዴት የተነሳ ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«ጌታዬ፣ እጅ ቢስት ቀዳዳው ቦታውን ይለቃል እንጂ ክብነቱን አይለቅም። ይህ ጥይት በጎኑ ነው የገባው፤ እየተገላበጠ ነው የሄደው። እንዝርት ካሉማ ልንገርዎ፤ እንዝርት በደንብ ካልሾረ ይንገዳገዳል፤ ጥይትም እንዲሁ ነው። የአሽከሮችዎ ጠመንጃ በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጥይት አሿሪ ጠመዝማዛ ቦይ፣ ጥምዙ፣ የጠበቀ ነው፤ ረጅሙንና ከባዱን ጥይት አሹሮ ይልከዋል። የኔው ጥምዙ የላላ ነው፤ የሚስማማው አጭርና ቀላል ጥይት ነው። በራሴ ጥይት ልድገም።»

«የጌታ ስጦታ ይመለሳል እንዴ?»

«ቤቴን የሚያፈርስ ከሆነ ይመለሳል!»

የተረፉትን ከባድ ጥይቶች እግሩ ሥር አስቀመጠች። እንዲህ ያለ ድፍረት በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። ፊታውራሪው ሴት ፈራ እንዳይባል «ድገሚ» አለ። ትጓደድ ከመቀነቷ አንዲት ትንሽ ጥይት ፈትታ አጎረሰችና ተኮሰች። ቆዳው መሀል ላይ ክብ ቀዳዳ ተከፈተ።

«ጎሽ! ከዘቦቼ ጋር ትሰለፊያለሽ» አለ ፊታውራሪው። «ብቻ ከነገ ጀምሮ እንደ ሰዉ የኔን ጥይት ታጎርሻለሽ።»

ትጓደድ ጠመንጃዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። «እንግዲያው ሌላ ዘብ ይፈልጉ። እኔን ከርከሮ እየጠበቀኝ ነው» አለችና ሂጂ እስክትባል ሳትጠብቅ ቁልቁለቱን ወረደች።

ወገኖቼ፣ ከባዱ ጥይት ክፉ አልነበረም፤ የአሽከሮቹን ጠመንጃ አኩርቷል። ክፉው ነገር «ለሁሉም ይሁን» መባሉ ነው። ያልተሠራንለትን ነገር ጭነውብን ስንስት «እጅህ ነው» ይሉናል፤ እኛም አምነን አንገታችንን እንደፋለን። ዝም ብላችሁ አትመኑ! መጀመሪያ ሄዳችሁ ቀዳዳውን እዩ።

እናንተስ ጥይቱ ሳይስማማችሁ ስንት ጊዜ በገዛ እጃችሁ አፍራችኋል?