ምስማርና ወርቅ የማይለየው ማሽን

በአንድ ወቅት፣ ከዳቡስ ወንዝ ማዶ፣ መጋሌ በምትባል የወርቅ ጅረት ዳር የሚኖሩ ሰዎች ልጆቻቸውን ከጸሎት ቀጥሎ የሚያስጠኑት አንድ ሕግ ነበራቸው፦ «ጉድጓድ የከፈተ እጅ ጉድጓዱን ይድፈን። ሰው የወደቀበት እንደ ሆነ፣ የከፈተው እጅ ጅረቱን ዳግመኛ አይንካ።» ጅረቱን አለመንካትም ከመጋሌ መውጣት ማለት ነበር። የጅረቱ ዳኛ ሼህ አልአሚን ይህን ሕግ በሰባት ዓመታቸው በአባታቸው አለንጋ ሥር ሆነው አጥንተውታል። አርባ ዓመት ሲፈርዱበትም አንዲት ቃል አላጎደሉም፤ አልጨመሩምም።

ሼሁ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። በኩሩ ሐምዳን ነገር መዛኝ ነበር። ሁለተኛው ባበክር ጆሮው እጅግ የሰላ፣ «አንበጣ ሣር ሲበላ ይሰማል» እየተባለ የሚቀለድበት ነው። የመጨረሻዋ ሰዓዲያ ደግሞ በቁፋሮ ወንድሞቿን የምታስከነዳ ክንደ ብርቱ ሴት ነበረች።

ወርቁ እየጠፋ በሄደ ጊዜ የመንደሩ ሰዎች የወርቅ መፈለጊያ ማሽን እንዲገዛ፣ መራጩም ሐምዳን እንዲሆን ተስማሙ። ሐምዳን አሶሳ ቢሄድ አንድ ነጋዴ ሁለት ማሽን አቀረበለት።

«ይህኛው አንድ ክንድ ተኩል ጠልቆ ይሰማል፤ ነገር ግን ምስማርና ወርቅ አይለይም» አለው ነጋዴው። «ያኛው ይለያል፤ ከስንዝር በታች ግን ደንቆሮ ነው።»

ሐምዳን ሁለት ቀን አሰበበት። የላይኛውን ስንዝር አፈር እናቶቹና አያቶቹ አጥበው ጨርሰውታል። በሦስተኛው ቀን፣ «ጥልቁን ስጠኝ፤ ምስማሩን እኛው እንለቅማለን» አለ።

ሐምዳን አጠገቡ ቆሞ እያየ፣ ባበክር ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ማሽኑን በቀዩ አፈር ላይ ሲያንሸራትት፣ ማሽኑ በየእርምጃው ጮኸ። ሰዓዲያ ቆፈረች፤ የዛገ ምስማር ወጣ። ደግማ ቆፈረች፤ የሰርዲን ቆርቆሮ ወጣ። ጎረቤታቸው ሐሊማ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ስታልፍ፣ «እናንተ ልጆች፣ የመንደሩን ምስማር ለቅማችሁ ስትጨርሱ ለእኔም አንድ በር ሥሩልኝ!» ብላ ሳቀችባቸው።

ሰዓዲያ ጉድጓዶቹን ልትደፍን ብትሞክር፣ ማሽኑ በአካፋዋ ብረት ይጮህ ጀመር።

«አካፋሽን አርቂልኝ» አለ ባበክር። «ለአካፋሽ የሚጮኸውን ለወርቅ ከሚጮኸው በምን ልለየው?»

«ሕጉስ?»

«ስጨርስ ትደፍኛቸዋለሽ።»

እርሷም ራቀች፤ ሲጠራት ብቻ እየመጣች ትቆፍር ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባበክር ቆመ። «ይህ ድምፅ ሌላ ነው» አለ። ሰዓዲያ ከአንድ ክንድ በላይ ወርዳ አውራ ጣት የሚያህል ድፍን ወርቅ አወጣች። ደንቆሮው ማሽን ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። ወንድማማቾቹ እየጮኹ ወደ መንደር ሲሮጡ፣ እርሷ ወርቁን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ቀኑን ሙሉ የተከፈቱትን ጉድጓዶች ትደፍን ገባች። ሁሉን ደፍና የወርቁ ጉድጓድ ብቻ ሲቀራት አባቷ ብቻቸውን መጡ።

«ሰዓዲያ! ሽማግሌዎቹ ወርቁን ሊያዩ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።»

«አባ፣ አንዲት ጉድጓድ ቀርታኛለች።»

«ጉድጓድ እግር የለው አይሄድ! ነገ ትደፍኛታለሽ። ነይ።»

ታዘዘች።

ሲነጋ ሐሊማ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ከዚያ ጉድጓድ ወደቀች። ወገቧ ተሰበረ፤ ዳግመኛም በእግሯ አልቆመችም።

ወርቁ ለሐሊማ መታከሚያና መጦሪያ እንዲሆን አንድም ሰው ሳይቃወም ተወሰነ። የቀረው ቅጣቱ ነበር። ሼህ አልአሚን ልጆቻቸውን በጉባኤው ፊት አቆሙ።

«ሌላውን ማሽን መርጬ ቢሆን ያ ጉድጓድ ባልተከፈተ» አለ ሐምዳን። «ምርጫው የእኔ ነው፤ እኔን አስወጡኝ።»

«በሰዓቱ እንዳትደፍን ያገድኋት እኔ ነኝ» አለ ባበክር። «ቀኑን ሙሉ እየደፈነች ብትውል ኖሮ ለማታ የሚተርፍ ጉድጓድ አልነበረም።»

ሰዓዲያ ተጠየቀች። «ቆፍሬአለሁ፤ አልደፈንሁም» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሼሁ ጠበቁ። ዓይኗን ፈለጉ፤ እርሷ ግን መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ጥሪያቸውን ከእርሷ በቀር የሰማ የለም። «አባቴ ነይ ብሎኝ ነው» ብትል እንደማይክዷት ያውቁ ነበር፤ እርሷ ሳትናገር ግን አንደበታቸው አልፈታ አለ። በአለንጋ ያጠኑት ሕግ ቆፋሪን ከሥራው ስለ ጠራ ሰው የሚለው ነገር አልነበረውም።

«የከፈተው እጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጅረቱን ዳግመኛ አይንካ።»

ሰዓዲያ የወርቅ ማጠቢያ ገበቴዋን ከእግራቸው ሥር አኖረች። ጉልበታቸውን ስማ፣ ዘወር ብላ ሳታይ ዳገቱን ወጣች።

እንግዲህ እናንተ ሰሚዎች፣ ሳትቸኩሉ ፍረዱ፦ ጥልቁን የመረጠው፣ አካፋውን ያራቀው፣ ጉድጓዱን የከፈተችው፣ ወይስ ጠርተው ዝም ያሉት፤ ከመጋሌ መውጣት የሚገባው ማን ነበር?