የአያ አናጋው የጉብታ መንግሥት

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርልኝና፣ ክረምት በገባ ቁጥር «እግዜር ሲስቅ የሰማሁት በአያ አናጋው ጉብታ ላይ ነው» ይል ነበር። እሱ የነገረኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

በአባቴ አገር፣ በሁለት ወንዞች መካከል አንዲት ድንጋያማ ጉብታ አለች። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲታጠር ባለመሬት ሁሉ በመሬቱ ልክ እንጨት እንዲያመጣ ታዘዘ። ያን ጊዜ የወንዝ ማዶው ጌታ ፊታውራሪ መሸሻ፣ የጉብታዋን እንጨት ላለማምጣት «የኔ አይደለችም» ብለው በሽማግሌ ፊት ማሉ። ሌላም የኔ ናት ያለ ጠፋ። መሬት ያልነበረው አያ አናጋው እንጨቱን ተሸክሞ አመጣና የጉብታዋን ድርሻ አጠረ፤ ሚስቱን አንጓችን ይዞም ጉብታዋ ላይ ጎጆ ቀለሰ። ከዚያ «ይቺ ራሷን የቻለች አገር ናት፤ ንጉሧም እኔ ነኝ» ብሎ አወጀ። አንጓች ግን «ንጉሥ ሆይ፣ ውሃ ቅዳ» ትለው ነበር አሉ።

አንድ ቀን ቄሰ ገበዙ በዚያ ሲያልፉ፣
«አንተ አናጋው፣ ያለ ሠራዊት ምን መንግሥት አለ?» አሉት።
«ሠራዊትማ አለኝ አባቴ» ብሎ ውሻውን አሳያቸው።
«ይሄ አንካሳ?»
«እንዳይሸሽብኝ መርጬ ነው።»

በነሐሴ በረዶ ወረደ። የፊታውራሪን ጤፍ ከዳር እስከ ዳር ድምጥማጡን አጠፋና ወንዙ ጋ ሲደርስ ቆመ። የአያ አናጋው ገብስ አንዲት ዘለላ አልተነካችም። ፊታውራሪ በበቅሏቸው መጥተው ከማዶ ጮኹ፤
«አንተ! ምን ብታስደግም ነው በረዶው አንተን የዘለለህ?»
«ምንም ጌታዬ። ሰው አገር ሳያስፈቅድ አይገባም፤ ከእርስዎ አሽከሮች እሱ ይሻላል።»

ያን ለምለም ገብስ ካዩ ወዲህ ፊታውራሪ እንቅልፍ አጡ። «ጉብታዋ የአባቴ ርስት ናት፤ ይልቀቅ!» አሉ። አያ አናጋውን ጭንቅ ያዘው፤ ከዚያች ሌላ እግር መትከያ አልነበረውም። ወደ አምላኩ ጸለየ።

በዚያው ሰሞን አውሎ ነፋስ የፊታውራሪን ባርኔጣ ከራሳቸው ነጥቆ፣ ወንዙን አሻግሮ፣ አያ አናጋው ደጅ ላይ ጣለው። ምስለኔያቸው እያለከለከ መጣ።
«የጌታዬን ባርኔጣ አምጣ!»
«ተማጽኖ የመጣ አይሰጥም። በዚያ ራስ ላይ ሆኖ ያየው ግፍ በዝቶበታል።»
ኋላ ግን አራግፎ ሰጠው።

ክሱ አልቀረም። እንደዚያ ዘመን ደንብ የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ተቋጥሮ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን እየተጓተቱ ወደ ዳኛው ሄዱ። ቁልቁለቱ ላይ ፊታውራሪን አንሸራተታቸው። አያ አናጋው ክንዳቸውን ያዝ አድርጎ፣
«ቀስ ይበሉ ጌታዬ፤ ከወደቁ አንድ ንጉሥ ይዘው ነው የሚወድቁት» አላቸው።

ችሎቱ በፊታውራሪ በኩል ባለው ወንዝ ዳር ነበር። ዳኛው ሁለቱንም ሰሙና እንዲህ አሉ፤ «ፊታውራሪ፣ ያኔ የኔ አይደለችም ብለው ምለዋል። ዛሬ የኔ ናት ካሉ የጉብታዋን አፈር በራስዎ ተሸክመው ይማሉ። ከማሉ ይውሰዷት።»

አያ አናጋው በከንፈሩ ብቻ ይጸልይ ነበር። ፊታውራሪ አንድ ጓል አፈር ራሳቸው ላይ አድርገው ገና «ይቺ መሬት...» ከማለታቸው፣ ችሎቱ ላይ ዶፍ ወረደ። ጉብታዋ ላይ ፀሐይ እንደወጣች ነው! አፈሩ ጭቃ ሆነና በግንባራቸው፣ በጢማቸው ተንዠቀዠቀ። ዓይናቸውም አፋቸውም ተዘጋ።
«ምነው ፊታውራሪ? ይማሉ እንጂ!» አሉ ዳኛው።
አያ አናጋው መለሰላቸው፤
«ይታገሷቸው ጌታዬ። አፈሩ ነው፤ ወደ አገሩ እየተመለሰ ነው።»

ዳኛው ሳቃቸውን መያዝ ቢያቅታቸው ተነሥተው ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱት። ፊታውራሪ ሳይምሉ ቀሩ፤ አያ አናጋውም ወደ መንግሥቱ ተሻገረ።

አምና እኔም ያቺን ጉብታ ልያት ብዬ ሄድኩ። ወንዙ ጋ ስደርስ ዶፍ ወረደብኝ፤ ተሻግሬ ዳገቱን ስወጣ ግን መሬቱ ደረቅ ነው። አማተብኩ። እዚያ ካለ አጥር በር ላይ የተቀመጠ የማላውቀው ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አየኝና እንዲህ አለኝ፤

«ወንድሜ፣ እኛ አገር ዛሬ አልዘነበም። የሰው አገር ዝናብ ይዘህ አትግባብን፤ ነጠላህን እዚያው ወንዙ ማዶ ጨምቀህ ና።»