ከስፌት መኪና ጋር የተሽቀዳደመው ጊታር

ለይመር ቀብር የተከራየነው አውቶቡስ፣ ለቀስተኛው ገና ድንኳኑ በር ላይ ሳለ ማንንም ሳይጭን ተነሥቶ መቃብር ቦታ ደረሰ። ሹፌሩ ነገሩ ገብቶት ሲመለስ፣ ከባንዳችን ልጆች አንዱ ኮምቦልቻ ውስጥ ያለን ሙዚቀኞች ሁሉ የምንላትን አንዲት አባባል ጣል አደረገ። እያለቀስን ሳቅን። ከሩቅ የመጡት ዘመዶቹ ግራ ገባቸው፤ በለቅሶ መሃል ምን ያስቃል? አባባሏ የወጣችው ከራሱ ከይመር ታሪክ መሆኑን አያውቁም። እኔ ነበርኩበትና እንደማስታውሰው ልጻፈው።

እኔንና ይመርን ጊታር ያስተማረን ሰው የለም። ካሴት እያጠነጠንን ሰምተን፣ ሳትን፣ እንደገና ሰምተን ነው የለመድነው። ውሎ አድሮ ማንኛውንም ዘፈን ማጀብ ቻልን። ዳገቱ ከዚያ በኋላ ነው። ዘፋኙ አፉን ሲያሳርፍ ሊድ ጊታሩ ብቻውን ወጥቶ እንደ በረዶ የሚያወርደው ፈጣን ጨዋታ አለ፤ የትኛው ጣት የትኛውን ክር እንደነካ ዓይን የማይዘው። እኔ ማጀቢያው ሪትም ጊታር ይበቃኛል ብዬ ዳገቱ ሥር ተቀመጥኩ። ይመር ግን ስለዚያ ጨዋታ ባወራ ቁጥር ምግቡ ይቀዘቅዝበት ነበር።

አባቱ ጋሽ ተገኝ ልብስ ሰፊ ናቸው። ይመር የሚለማመደው ሱቃቸው ውስጥ፣ ከጀርባቸው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። አንድ ቀን የስፌት መኪናውን ምት ተከትሎ የጊታሩን ክር ይመታ ጀመር፤ መርፌው ሲወርድ መምቻዋን ወደ ታች፣ መርፌው ሲወጣ ወደ ላይ። ሠራለት። አባቱ ኮሌታ ሲሰፉ እሱም ዝግ ይላል፤ ረጅም ቀሚስ ሲሰፉ ይበራል። ሰነፏ ትንሿ ጣቱ ሳትቀር ሥራ ለመደች።

“አባባ፣ ዛሬ አያመልጡኝም፣” ይላል።

“እስቲ መጀመሪያ ድረስብኝ፣” ይላሉ ጋሽ ተገኝ ፔዳሉን እየረገጡ።

አንድ ከሰዓት የመጋረጃ ጠርዝ ይዘው ባላቸው ኃይል ሁሉ ረገጡ። ይመር ደረሰባቸው። ከዚያ አለፋቸው። ጋሽ ተገኝ እግራቸውን ከፔዳሉ አንሥተው፣ “መኪናዬን ቀደማት እኮ፣” አሉ። መጋረጃውን የምትጠብቀው ሴት አጨበጨበች። እኔ ለካ ሳላውቀው ወንበር ላይ ቆሜያለሁ።

የእኅቱ የጥሩወርቅ ሰርግ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። የባንዳችን ሊድ ጊታር ተጫዋች አገር ለቅቆ ቦታው ክፍት ነበር። የባንዱ መሪ ጋሽ መኮንን ይመርን ጠርተው፣ “ሰርጉ ላይ እንይህ። እትዬ ሎሚን እስኪቀመጡ ካስጨፈርክ ቦታው ያንተ ነው። ካቃተህ ከደሴ ሰው አመጣለሁ፣” አሉት።

እትዬ ሎሚ የሙሽራው አክስት ናቸው፤ በእስክስታ ስማቸው እስከ ባቲ ይታወቃል። በእኛ ሰፈር ደግሞ የሙሽራው አክስት ለጭፈራ ከተነሣች ራሷ ወድዳ እስክትቀመጥ ድረስ ጨዋታው አይቋረጥም። ከተቋረጠ የሙሽሪት ቤት እንግዳ አያከብርም ይባላል።

ይመር ይህን ሁሉ እያወቀ፣ ሴትዮዋ ገና ዳሱ ሲገቡ ጠጋ ብሎ፣ “እትዬ ሎሚ፣ ዛሬ ትከሻዎን አደክመዋለሁ፣” አላቸው።

“አንተ ልጅ፣ ይህ ትከሻ ስንቱን ከበሮ መቺ አስተኝቷል። ካላደከምከኝስ?”

“ጊታሬን ይውሰዱት።”

“ደግ፤ ክሩ በግ ያስርልኛል።”

ዳሱ ሳቀ። ውሉ ታሰረ።

እትዬ ሎሚ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ተነሡ። ይመር ዓይኑን ጨፍኖ ገባበት። እንዲያ ያለ ፍጥነት ሰምቼ አላውቅም፤ አንዲት ድምፅ አልሳተም፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይወርዳል። የክንዴ ፀጉር ቆመ። ከዚያ የጨፋሪዎቹን ትከሻ አየሁ። መጀመሪያ ሚዜዎቹ ምቱ ጠፋባቸው። ልጃገረዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ድራመራችን ሊደርስበት ሲሮጥ ላብ አጠመቀው። እትዬ ሎሚ ትከሻቸውን አነሡ፤ የሚያሳርፉበት ቦታ ቢፈልጉ ጊታሩ ማረፊያ የለውም፤ ትከሻቸው እንደተነሣ ቀረ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

ይመር ጨርሶ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ዳስ ሙሉ ሰው ጭፈራውን አቁሞ ያየዋል። ጋሽ ተገኝ አንገታቸውን ደፍተዋል። የሙሽራው ወገን ማጉረምረም ጀምሯል።

“እትዬ፣ ደከመዎት?” አለ።

“መች ጀመርኩና? ለመሆኑ ይህን ከማን ተማርከው?”

“ከአባባ የስፌት መኪና።”

እትዬ ሎሚ ወደ ጋሽ ተገኝ ዞረው፣ “እኔስ ቀሚሴን ላዬ ላይ ሊሰፋው መስሎኝ ነበር፣” አሉ። ሳቁ ማጉረምረሙን በላው። ከዚያ ወደ ይመር ዞሩ። “ና ከመድረኩ ውረድ። ፊቴ ቁም። መኪና ትከሻ የለውም፤ የኔን እያየህ ምታ።”

ወረደ። የጊታሩ ገመድ ስላጠረ የድምፅ ማጉያውን ሣጥን ታቅፌ ከኋላው ሄድኩ። በዝግታ ጀመሩ። ትከሻቸው ሲነሣ ይጠብቃል፤ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ቀኙን ሰበቁ፣ ክሩ መለሰ። ግራውን ሰበቁ፣ መለሰ። እሳቸው ጨመሩ፤ እሱም ጨመረ። ሚዜዎቹ ገቡ፣ ልጃገረዶቹ ገቡ፣ ጥሩወርቅ ቬሏን ክንዷ ላይ ጠቅልላ ገባች። ሣጥኑን እንዳቀፍኩ የኔም ትከሻ አልቆም አለኝ። ጨዋታው ከቅድሙ ፈጠነ፤ ግን ፈጠነ ያለ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ውስጡ ነበርን። ይመር ዓይኑን ከትከሻቸው ሳይነቅል ይስቃል። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ፎቶው ፊት ስቀመጥ የማየው ያንን ሳቅ ነው።

በመጨረሻ እትዬ ሎሚ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ እየሳቁ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ጋሽ መኮንን በማይክሮፎን፣ “ቦታው የይመር ነው፣” አሉ። ጋሽ ተገኝ መጥተው የልጃቸውን ግንባር ሳሙ።

አንዱ ሚዜ ለእትዬ ሎሚ ውሃ እያቀበለ፣ “እትዬ፣ የቅድሙም እኮ ፈጣን ነበር፤ ምን ጎደለው?” ብሎ ጠየቃቸው።

ውሃውን ጨልጠው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ “ልጄ፣ ትከሻ ጥሎ የሮጠ ጣት፣ ብቻውን ገባ ቤት፣” አሉት።