የአህያው የኅሊና ጸሎት

አንድ ጊዜ፣ ከማወራው አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን ዕድሜዬን ያሳጥረው፣ የዱር አራዊት አንበሳን ከዙፋኑ አውርደው አብዮት አካሄዱ። ጅብ ሊቀመንበር ሆነ። ቀበሮ ደግሞ መፈክር አውጪ፤ ማር ከሚያንጠባጥብ አንደበቱ ሊቀስሙ ንቦች ከሰባት አገር ይጎርፉ ነበር። አህያስ? አህያ የመንግሥቱን እህል ከወንዝ ማዶ ያጓጉዝ ጀመር። ጀርባው ቆስሏልና ምኞቱ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ትንሽ ማረፍ።

በመጀመሪያው የአብዮት በዓል ቀበሮ ሰገነት ላይ ወጥቶ «አህያ የጫካው ጌታ ነው!» ሲል፣ ከጭብጨባው የተነሣ አንድ ተራራ ተንሸራተተ። አህያ ልቡ ሞቀና ጠየቀ።

«እንግዲያው ነገ ልረፍ?»

«ጌታዬ፣» አለ ቀበሮ እጅ ነሥቶ፣ «ጌታው ከሥራ ከተለየማ ቤቱ የማን ሊሆን ነው?»

በዓመቱ መፈክሩ «አህያ የጫካው ምሰሶ ነው!» ሆነ።

«ጓድ ቀበሮ፣ ኧረ ጀርባዬ...»

«ምሰሶ ቁጭ ይላል እንዴ ጓዴ? ጣሪያው ይወርድብናል!»

ቀጥሎ ደግሞ «ዕረፍት የሚመኝ አህያ የአንበሳ ተላላኪ ነው!» ተባለ። አህያም የእህል ስልቻውን ተሸክሞ ወደ ወንዙ ወረደ።

ኋላ ድርቅ ገባና የጅብ ሆድ እንደ ነጋሪት ጮኸ። ቀበሮም አዲስ መፈክር ይዞ ከተፍ አለ፤ «አህያ የጫካው ሰማዕት ነው!»

«የምን ሰማዕት? በሕይወት አለሁ እኮ!» አለ አህያ።

«እሱ ቀላል ነው፣» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ፣ «እኔ ሆድ ውስጥ በክብር ትቀበራለህ።»

አህያ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። «እሺ ጓዶች። ለሰማዕት የኅሊና ጸሎት ይደረግ የለ? ወይስ የእኔ ሲሆን ሊቀር ነው?»

«ምን ማለትህ ነው! እኛ ሰማዕት እንንቃለን?» ጅብ ተቆጣ።

ሁሉም ተነሡ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀድሞ የገለጠ ጸረ አብዮት ሊባል ነውና ማን ይድፈር! ሸረሪት አፍንጫቸው ላይ አደራች፤ ወፍ ጅብ ጆሮ ውስጥ ጫጩት ፈለፈለች። አህያ ግን ስልቻውን አራግፎ፣ ኮቴውን ሳያሰማ፣ አገር አቋርጦ ሄደ።

በመጨረሻ ጅብ ረኀቡ ቢጠናበት ባንድ ዓይኑ አጮለቀ። ስልቻው ብቻ ተጋድሟል።

«ሰማዕቱስ?»

ቀበሮ ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። ስልቻውን አንሥቶ ጅብ ጀርባ ላይ ጫነና «ሸክም የሊቀመንበር ጌጥ ነው!» ሲል ፎከረ። ጅብ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ፤ ኋላ ግን ነገሩ ሲገባው አፈረ። እውነት ለመናገር፣ ማፈሩን እንኳ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ከዚህ የምንማረው፣ ምስጋናው በየዓመቱ እየተለዋወጠ ሸክሙ ግን ካልቀለለ፣ አመስጋኙ ዓይኑን የጨፈነ ዕለት እግርን ማንሣት ብልህነት መሆኑን ነው።