ውሃ ያነቃት ጽጌረዳ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ወሬ ያለበት አሁኑኑ አውርቶ ይጨርስ።

ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ፋናዬ ታማ እህል እምቢ አለች። «እማዬ፣ ጽጌረዳችንን አንዴ ባሸታት እበላለሁ» አለቻት። ጽጌረዳዋ ግን የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ተተክላ ቅጠሏ ቢጫ ሆኗል። ይመኙሻል ጧት ውሃ፣ ማታ ውሃ! የጨነቀው ሰው ማፍሰስ እንጂ ምን ያውቃል?

«አብቢልኝ እንጂ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው!»

ጽጌረዳዋ አፍ አወጣች። «አፈሩ ሥሬን አንቆታል። ይልቀቀኝ።»

ይመኙሻል ክው አለች። ቢሆንም እናት ናት።

«አፈር፣ ሥሯን ልቀቅ፤ ጽጌረዳ ታብብ፤ ፋናዬ ትብላ።»

«ጭቃ ሆኛለሁ» አለ አፈሩ። «ቆርቆሮው ውሃውን ያፍስስ።»

«ቆርቆሮ፣ ውሃውን አፍስስ፤ አፈር ሥሯን ይልቀቅ፤ ጽጌረዳ ታብብ፤ ፋናዬ ትብላ።»

«በየት በኩል? ቂጤ ድፍን ነው!» ሲል ቆርቆሮው ሳቀባት። «ሚስማር ይብሳኝ።»

ይህን ጊዜ የበሩ ሚስማር ማንም ሳይነካው ከመቃኑ ተነቅሎ እግሯ ሥር ወደቀ።

«ሚስማር፣ ቆርቆሮን ብሳ፤ ቆርቆሮ ውሃውን ያፍስስ፤ አፈር ሥሯን ይልቀቅ፤ ጽጌረዳ ታብብ፤ ፋናዬ ትብላ።»

«ድንጋይ ካልመታኝ አልበሳም።»

ከጓሮ የተተወ ጉድጓድ አለ፤ ክዳኑን አንድ ድንጋይ ተጭኖታል። ብትጎትተው ንቅንቅ አልል አለ።

«ድንጋይ፣ ሚስማርን ምታ፤ ሚስማር ቆርቆሮን ይብሳ፤ ቆርቆሮ ውሃውን ያፍስስ፤ አፈር ሥሯን ይልቀቅ፤ ጽጌረዳ ታብብ፤ ፋናዬ ትብላ።»

«ጉድጓዱ ይዞኛል» አለ ድንጋዩ፣ ቀስ ብሎ።

«ጉድጓድ፣ ድንጋይን ልቀቅ፤ ድንጋይ ሚስማርን ይምታ፤ ሚስማር ቆርቆሮን ይብሳ፤ ቆርቆሮ ውሃውን ያፍስስ፤ አፈር ሥሯን ይልቀቅ፤ ጽጌረዳ ታብብ፤ ፋናዬ ትብላ!»

ጉድጓዱ ከታች፣ በሟች እናቷ ድምፅ፣ «ይመኙሻል!» አለ።

ጀምበር እየጠለቀች ነው። በኛ አገር በዚያ ሰዓት የማታየው ሲጠራህ አቤት አይባልም፤ አቤት ያለ የጠሪው ነው።

«ይመኙሻል! አቤት በዪኝና እለቀዋለሁ።»

ወደ ቤት ዞር ብላ አዳመጠች። የልጇ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰማች።

«አቤት፣ እናቴ!»

ጉድጓዱ ድንጋይን ለቀቀ፤ ድንጋይ ሚስማርን መታ፤ ሚስማር ቆርቆሮን በሳ፤ ቆርቆሮ የገማውን ጥቁር ውሃ አፈሰሰ፤ አፈር ሥሯን ለቀቀ፤ ጽጌረዳ አበበች፤ ፋናዬም አሽታ ገንፎዋን በላች።

«እማዬ!» አለች ልጅቷ፣ ጠግባ።

«አቤት!» የሚለው ድምፅ የመጣው ከጓሮ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ነው። እናቷ አጠገቧ ማንኪያ ይዛ ቆማለች፤ አፏ ዝግ ነው።

ሞኝ ናት የምትሉ በሉ። እኔ ብሆን ለልጄ ስል ሁለቴ አቤት እል ነበር።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። ከውጭ ስሜን የሚጠራ ካለ፣ አንዳችሁ ወጥታችሁ እዩልኝ።