የዳሚት ሦስት ድንጋዮች

ተረት ልንገራችሁ ስል፣ "እየሰማን ነው" በሉኝ። እየሰማችሁ ከሆነ እንሂድ።

በድሮ ዘመን፣ ድንጋይም ገመድም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ጊዜ፣ አመዶ የሚባሉ ተራሮች ነበሩ። ቀድሞ እሳት ይተፉ ነበር። እሳቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢሆነውም መሬቱ እንደጠቆረ ቀርቷል፤ ሲረግጡት እንደ ተሰበረ ገል ይንኮሻኮሻል። በእነዚህ ተራሮች ላይ ሦስት የሚታዩ ነገሮች ነበሩ። ዝቅ ብሎ ፏፏቴ አለ። ከፍ ብሎ ሐይቅ አለ። ከሁሉም በላይ ጫፉ አለ።

ዳሚት የምትባል በቅሎ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ መንገድ የተጓዦችን ስንቅ ስትሸከም ኖራለች። ፏፏቴውን ግን አይታው አታውቅም። ሐይቁንም አይታው አታውቅም። ጫፉንማ ተዉት። ሁልጊዜ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው አንድ ዛፍ ላይ ያስሯትና፣ ጭነቱን ጠብቂ ብለዋት ይሄዳሉ።

አንድ ቀን አያ ቀበሮ፣ እመት ጦጢትና አያ ጃርት ተራራውን ሊያዩ ተነሡ። ዳሚትንም ስንቃችንን ተሸከሚልን ብለው ለመኗት። እሷም አንገቷን ደፍታ ጥቂት አሰበችና እንዲህ አለች፦

"እሸከማለሁ። ግን እናንተ የምታዩትን እኔም ልይ።"

ቀበሮ ጅራቱን መሬት ላይ አንጥፎ ማለላት። ጦጣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ማለችላት። ጃርትም እሾሁን አንኮሻኩሾ፣ እኔ ከማልኩ ማልኩ ነው አለ። ሦስቱም ማሉ። ይህን እንዳትረሱት።

ከተራራው ግርጌ አንድ ወግ ነበር። ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ ከታች አንድ ድንጋይ ያነሣል፤ ተሸክሞም ጫፍ ላይ ካለው የድንጋይ ቁልል ላይ ያኖረዋል። ድንጋይ ያላኖረ ወጣሁ ብሎ አያወራም። ስለዚህ ቀበሮ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ መረጠ። ጦጣ ቀይ መረጠች። ጃርት ሲመዝን፣ ሲጥል፣ እንደገና ሲመዝን ቆይቶ፣ እሳቱ በተፋው ጊዜ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ አገኘ። ከዚያ ሦስቱም ድንጋዮቻቸውን ዳሚት በተጫነችው ስልቻ ውስጥ ከተቱ።

ዳሚት ለእኔም አንድ አንሡልኝ አለቻቸው።

ጦጣ ሳቀች። "አንቺ ጆሮ ረጅም፣ ለማን ልታሳዪው ነው? ተሸካሚ እኮ አይቆጠርም።"

ዳሚት ስልቻውን እንደ ተሸከመች መንገድ ጀመረች። የሄደችው ግን ተስማምታ አልነበረም።

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። የፏፏቴው ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። መሬቱ ከኮቴዋ በታች ሲንቀጠቀጥ ዳሚት ጆሮዋን አቆመች። ያን ጊዜ ጦጣ የዳሚትን የአንገት ገመድ ይዛ አንድ ግንድ ላይ አሰረቻት። ቀበሮም ምክንያቱን አስረዳት። ድምፁ ያስበረግግሻል፤ በርግገሽ ስንቁን ገደል ብትጨምሪው ማን ይጠየቃል አላት። እነሱ ሄዱ፤ እሷ ቀረች። ሲመለሱ ጸጉራቸው ርሷል፤ ዓይናቸው ይስቃል።

"ምን አያችሁ?" አለች ዳሚት።

"ምንም የለም፤ አላመለጠሽም።"

ስንቁን ፈትተው በሉ። ስልቻውን መልሰው ጫኑባት።

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። የሐይቁ ሽታ በነፋስ መጣ። ዳሚት ጠምቷት ነበር። ጦጣ ደግሞ ገመዱን አንድ ቁጥቋጦ ላይ አሰረችው። በዚህ ጊዜ ምክንያቱን የሰጠው ጃርት ነው። የአንቺ ኮቴ ውሃውን ያደፈርሰዋል አላት። ሲመለሱ ጃርት እስከ ሆዱ ድረስ ጭቃ ለብሶ ነበር። ጭቃ! ውሃ እንዳይደፈርስ ብሎ በቅሎ አስሮ የሄደው ጃርት!

"ምን አያችሁ?"

"ምንም የለም። ገበቴ የምታህል ውሃ ናት፤ አላመለጠሽም።"

ውሃ ያመጣላት አልነበረም። የውሃ ቅላቸውን ሞልተውት ነበር፤ ግን ለራሳቸው ነው። እናንተው ፍረዱ። ዳሚት ከቋጥኝ ሥር የተጠራቀመ ጤዛ ላሰች፤ እሱም አመድ አመድ አላት። ከዚያ ጀምሮ መሬቱን የምትረግጠው ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ነበር።

ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ። ዛፉ አለቀ፤ ሣሩም አለቀ። ጥቁር ድንጋይና ቀዝቃዛ ነፋስ ብቻ ቀረ። ከጫፉ በታች አንድ የደረቀ የአስታ ግንድ ነበር። ጦጣ ገመዱን አነሣች።

ዳሚት በዚህ ጊዜ ዝም አላለችም። ምላችሁልኝ ነበር አለቻቸው።

"መማሉንማ ምለናል፤" አለ ቀበሮ፣ "ግን ጫፉ ጠባብ ነው፣ እህቴ። ለአራት አይበቃም። አንቺን ገደል ከምንጨምር መሐላችን ይቅር ብለን እኮ ነው።"

ጃርትም ምስጋና እንኳ የለሽም ብሎ ወቀሳት። ቶሎ እንመለሳለን ብለው፣ ግንዱ ላይ አስረዋት፣ ጭነቱን እንኳ ሳያወርዱላት ወጡ።

ዳሚት ቆመች። የስልቻው ማሰሪያ ሆዷን ይከረክራታል። ፏፏቴውን በጆሮዋ ሰምታ ቀረች፤ ሐይቁን በአፍንጫዋ አሽትታ ቀረች፤ ጫፉ ደግሞ እዚያው ዓይኗ ሥር ሆኖ ሊቀርባት ነው። እግሯን መሬት ላይ መታችና ለማንም ሳይሆን እንዲሁ ተናገረች።

"ይህ ግፍ ነው።"

"ግፍ ነው፤" አለ አንድ ድምፅ። የታሰረችበት ገመድ ነበር። "ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ዳሚት። ጦጣ የምታስረኝ ለይምሰል ነው። ፏፏቴው ጋም፣ ሐይቁ ጋም እንዲሁ ጠምጥማኝ ነው የሄደችው። አንዴ ብትስቢኝ እፈታ ነበር።"

ዳሚት ዓይኗ ፈጠጠ። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አለችው።

"አልጠየቅሽኝማ። ጠብቄ ጠብቄ አንድ ቀን እንኳ አልሳብሽኝም። እነሱም አጥብቀው ያላሰሩኝ እኮ አዝነውልሽ አይደለም። በቅሎ ምን ልታይ ትሄዳለች ብለው ነው።"

ይህን ስትሰማ ዳሚትን ከጥማቱም ከጭነቱም ይልቅ ይኸኛው አንገበገባት። ለካ አጥብቆ ለማሰር እንኳ የምትበቃ አልመሰለቻቸውም ነበር። በእነሱ ተናደደች፤ ሳትስብ ለኖረችበት ዘመን ደግሞ በራሷ ተናደደች። አንገቷን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። ገመዱ ተፈታ። በቃ፣ ያን ያህል ቀላል ነበር።

ገመዱን እየጎተተች፣ ስልቻውን እንደ ተሸከመች ወጣች። ድንጋዩ ከሥሯ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል፤ እሷ ወደ ላይ ትወጣለች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ጠባብ ነው ያሏት ጫፍ እንደ አውድማ የሰፋ ሜዳ ነበር። አርባ በቅሎ ያስተኛል።

በሜዳው መሀል የድንጋዩ ቁልል ቆሟል። ከፊቱ ሦስቱ ጓደኛሞች ይከራከራሉ። ቁልሉ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ይጠይቃቸዋል።

"ድንጋያችሁስ?"

ለካ ድንጋዮቻቸውን ከዳሚት ጋር አስረው ኖሯል። ቀበሮ መንገድ ላይ ነው፤ ይመጣል ይላል። ጦጣ መውጣታችንን በዓይንህ እያየህ ድንጋይ ምን ያደርግልሃል ትላለች። ጃርት ደግሞ የሁለቱ ጥፋት ነው ይላል። ወዲያው ዳሚትን አዩ። ቀበሮ ፊቱ በራ።

"ይኸው! አላልኩህም? ድንጋያችን መጣ። ነይ፣ እህቴ፣ ነይ።"

እህቴ አላት፤ ሰማችሁ? ዳሚት አልመለሰችለትም። ጎኗን ከአንድ ቋጥኝ ጋር አሻሸች፤ ስልቻው ተንሸራቶ ወደቀና ተዘረገፈ። ጥቁሩ፣ ቀዩና ባለ ቀዳዳው ድንጋይ ተንከባልለው ቁልሉ እግር ሥር ቆሙ።

ቁልሉ ድንጋዮቹን ጠየቀ። "ማን ተሸክሟችሁ መጣ?"

ጦጣ በዓይኗ ጠቀሰቻቸው። ድንጋይ ግን ጥቅሻ አይገባውም። ጥቁሩ ድንጋይ፣ "እሷ" አለ። ቀዩም "እሷ" አለ። ባለ ቀዳዳው ድንጋይ ትንሽ አሰበና፣ "እኔን ያነሣኝ ጃርት ነው። ያነሣኝ ግን እስከ ስልቻው አፍ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲህ እሷ ናት" አለ።

"እንግዲያው፣" አለ ቁልሉ፣ "እሷ ሦስት ጊዜ ወጥታለች። እናንተ አንድም ጊዜ አልወጣችሁም።"

ዳሚት ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በከንፈሯ እያነሣች ቁልሉ ላይ አኖረቻቸው። ከዚያ ዞር አለች። ከጫፉ ላይ ሁሉም ይታያል። ፏፏቴው ከጥቁሩ ገደል ነጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ጭጋጉ ወደ ላይ ይነሣል። ሐይቁም ገበቴ አልነበረም። ሰማዩን በሙሉ ይዞ የተኛ ሰፊ ውሃ ነበር፤ ዳር ዳሩን ዳክዬዎች ነበሩበት። ዳሚት ለረጅም ጊዜ አየችው። ደስ ይላት ይሆናል ብላችሁ አስባችሁ ይሆናል። ደስ ብሏታል፤ ግን ደስታዋ ከቁጣ ጋር ተደባለቀ።

"ምንም የለም አላችሁኝ፤" አለች ዞር ብላ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "አለማሳየታችሁስ አንድ ነገር ነው። አይታችሁ መጥታችሁ ምንም የለም አላችሁኝ።"

ጃርት ግን፣ ስንቁንስ ማን ያወርደዋል ብሎ ጠየቀ።

"ተካፈሉት፤" አለች ዳሚት። "አይክበዳችሁ፤ ተሸካሚ አይቆጠርም።"

በሌላው በኩል ባለው መንገድ፣ ባዶ ጀርባዋን ነፋስ እየመታው፣ ውሃ ልትጠጣ ወደ ሐይቁ ወረደች። ገመዱም ከአንገቷ ላይ ወድቆ እዚያው ጫፍ ላይ ቀረ። ቀበሮ ስንቁን፣ ጦጣ ቅሉን፣ ጃርት ስልቻውን ተሸክመው እየተደናቀፉ ወረዱ። ወጥተናል ለማለት እንደገና ከግርጌ ድንጋይ ማንሣት ነበረባቸው። አንሥተው ይሁን ትተውት፣ እኔ አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲህ በአመዶ ተራሮች ላይ በሌላው ጀርባ የወጣ ወጣሁ አይልም፤ አብሮ የደከመም ከደጅ አይታሰርም።

እኔ ተረቴን እዚህ አራገፍኩ። የሰማችሁ፣ የየድርሻችሁን ራሳችሁ ተሸክማችሁ ሂዱ።