ከልብ የወጣ ምርቃት

ፊታውራሪ ጓንጉል ልጃቸውን ሲድሩ የመንደሩ አጥር ሁሉ ፈርሶ ዳስ ሆነ፤ ከየበረቱም በሬ እየተነዳ ታረደ። አንድ ምላሱ የማያርፍ ገበሬ የገዛ በሬውን ሥጋ ይዞ መጉረስ አቅቶት ሲያፈጥበት ፊታውራሪ አዩት።

«ድግሴ ላይ ታኮርፋለህ? ተነሥና ሙሽራዋን መርቅ! ከልብህ ካልሆነ ጅራፍ አለልህ» አሉት።

ገበሬው ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። «እመቤቴ፣ ከባልሽ ሞት ብቻ ይለይሽ! ብትጣሉ በዕለቱ ያስታርቃችሁ! አኩርፎ ወደ አባት ቤት ከመመለስ ይሰውርሽ!» አለ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር። የመንደሩ ሰውም «አሜን!» እያለ ዳሱን አናጋው።

ፊታውራሪ ልባቸው ተነክቶ፣ «ለካ እንዲህ ትወደናለህ?» ቢሉት፣

«ጌታዬ፣ ባሏን ፈትታ ከመጣች ደግመው ይድሯታል፤ እኔ ደግሞ የቀረኝ አንድ በሬ ነው» አላቸው።